መጀመሪያ ሕንፃው፣ ኋላ ማሽኑ

ሮንትገን ኤክስሬይን ያገኘው በ1895 እ.ኤ.አ. ነው። በዓመቱ በግላስጎው ሮያል ኢንፈርመሪ የኤክስሬይ ክፍል ተከፈተ። ሆስፒታሉ ከተከፈተ ግን መቶ ዓመት አልፎት ነበር፤ ለእንዲህ ያለ ማሽን ማን ክፍል ይሠራለት?

የኛ ግን ሰበብ የለውም። ከምረቃ በኋላ የተመደብኩበት ሆስፒታል (ስሙን ልተወው) አዲስ ነበር። ኤክስሬዩ በሳጥን መጣ፤ በሩ ጠበበውና ግድግዳ ፈረሰ። ከገባ በኋላ ደግሞ መስመሩ ስሪ ፌዝ አይደለም፣ ግድግዳው ጨረር የሚከለክል የሊድ ሽፋን የለውም። ማሽኑ ስምንት ወር ሸራ ለብሶ ቆመ። እግሩ የተሰበረ ገበሬ ሁሉ፣ ፎቶ ለመነሳት ብቻ፣ በአይሱዙ ላይ ተጭኖ አዲስ አበባ ይላካል።

መሐንዲሱን አግኝቼ ወቀስኩት። «ዶክተር፣ ምን እንደሚገባበት ማን ነገረኝ?» አለኝ። ፕላኑ ሲሠራ ከእኛ ወገን የተጠራ ሰው አልነበረም።