ባለፒጃማዎቹ፦ ወግ አጥባቂ ጦማርያን የአሜሪካን ሚዲያ እንዴት ነቀነቁት?

(በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ረቡዕ፣ ሴፕቴምበር 8 ቀን 2004 ምሽት ነው። የአሜሪካ ፕሬዚዳንታዊ ምርጫ ሊካሄድ ሁለት ወር ያህል ቀርቶታል። አንጋፋው ጋዜጠኛ ዳን ራዘር በሲቢኤስ ቴሌቪዥን "60 ደቂቃ" ፕሮግራም የረቡዕ ስርጭት ላይ ከባድ ዘገባ ይዞ ቀረበ። ፕሬዚዳንት ጆርጅ ቡሽ በወጣትነታቸው በቴክሳስ አየር ብሔራዊ ዘብ ሲያገለግሉ ትእዛዝ እንዳላከበሩና በትውውቅ እንደተደገፉ የሚያሳዩ ናቸው የተባሉ ሰነዶችን አሳየ። ሰነዶቹ በ1972 እና በ1973 በአዛዣቸው በሌተና ኮሎኔል ጄሪ ኪሊያን እንደተጻፉ ተነገረ። ኪሊያን በ1984 አርፈዋል፤ ስለዚህ ሊጠየቁ አይችሉም።

እኩለ ሌሊት ሳያልፍ፣ ዘገባው ከተላለፈ አራት ሰዓት እንኳ ሳይሞላ፣ ፍሪ ሪፐብሊክ በተሰኘው የወግ አጥባቂዎች ድረ ገጽ ላይ በብዕር ስም የሚጽፍ አንድ ሰው ቀላል ጥያቄ አነሳ። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ቢሮ ውስጥ የነበረ ተራ የጽሕፈት መኪና ለእያንዳንዱ ፊደል እኩል ቦታ ይሰጣል፤ ቀጭኗም ፊደል ሰፊዋም ፊደል የሚይዙት ቦታ አንድ ነው። በእነዚህ ሰነዶች ላይ ግን ፊደላቱ እንደየስፋታቸው ተቀምጠዋል። ይህ የኮምፒውተር ጽሑፍ አይመስልም ወይ?

በማግስቱ ጠዋት ፓወር ላይን የተባለውን ጦማር የሚያዘጋጁት ጠበቆች ጥያቄውን ተቀብለው ለአንባቢዎቻቸው አቀረቡ። የቀድሞ ወታደሮች፣ የጽሕፈት መኪና የሚያውቁ ባለሙያዎች፣ የፊደል ቅርጽ ያጠኑ ሰዎች መልእክታቸውን አዥጎደጎዱት። ሊትል ግሪን ፉትቦልስ የተሰኘውን ጦማር የሚያዘጋጀው ቻርለስ ጆንሰን ደግሞ ማይክሮሶፍት ወርድን ከፍቶ፣ ምንም ሳይቀይር፣ ከሰነዶቹ አንዱን እንዳለ ተየበው። ሁለቱን ደራርቦ ሲያሳይ መስመር ከመስመር ገጠመ።

ሲቢኤስ ለ12 ቀናት ያህል ዘገባውን ሲከላከል ቆየ። ሴፕቴምበር 20 ግን የሰነዶቹን ትክክለኛነት ማረጋገጥ እንደማይችል አምኖ ይቅርታ ጠየቀ። ጣቢያው ያቋቋመው ገለልተኛ ቡድን በጃንዋሪ 2005 ባወጣው ሪፖርት ዘገባው በጥድፊያና ያለበቂ ማጣራት እንደተላለፈ ገለጸ። የዘገባው ፕሮዲዩሰር ተባረረች፤ ሦስት ኃላፊዎች ሥራ እንዲለቁ ተጠየቁ። ራዘርም በማርች 9 ቀን 2005፣ ወንበሩ ላይ በተቀመጠ ልክ በ24ኛ ዓመቱ፣ የምሽት ዜናውን ተሰናበተ።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላል። ይህ ሁሉ በአንድ ሌሊት የመጣ አልነበረም።

የአሜሪካ ወግ አጥባቂዎች ትልልቆቹ የቴሌቪዥን ጣቢያዎችና ጋዜጦች ለሊበራሉ ወገን ያደላሉ የሚል የቆየ ቅሬታ ነበራቸው። ዊሊያም ባክሊ በ1955 ናሽናል ሪቪው የተባለውን መጽሔት ሲያቋቁም አንዱ ምክንያቱ ይኸው ነበር። በ1987 የፌዴራሉ የኮሙኒኬሽን ኮሚሽን ጣቢያዎች አከራካሪ ጉዳዮችን በሚዛን እንዲያቀርቡ ያስገድድ የነበረውን ደንብ አነሳ። በቀጣዩ ዓመት የረሽ ሊምቦ የሬዲዮ ፕሮግራም በመላ አገሪቱ መሰማት ጀመረ። በ1996 ፎክስ ኒውስ ተከፈተ። በጃንዋሪ 1998 ደግሞ ማት ድራጅ፣ ኒውስዊክ መጽሔት ይዞ ያቆየውን የፕሬዚዳንት ክሊንተንና የሞኒካ ሉዊንስኪን ጉዳይ በድረ ገጹ ላይ ለቀቀው። ያን ጊዜ የዜናው በር ጠባቂ ማን እንደሆነ ጥያቄ ውስጥ ገባ።

ጦማር ሲመጣ ደግሞ ማተሚያ ቤትም፣ የሬዲዮ ሞገድም፣ ባለሀብትም አላስፈለገም። በቴኔሲ ዩኒቨርሲቲ ሕግ የሚያስተምረው ግሌን ሬይኖልድስ በ2001 ኢንስታፓንዲት የተሰኘ ጦማሩን የጀመረው ከማስተማር ሥራው ጎን ለጎን ነበር። እነዚህ ሰዎች በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ለፓርቲ ብቻ ያደሩም አልነበሩም። በዲሴምበር 2002 የሪፐብሊካኑ የሴኔት መሪ ትሬንት ሎት፣ በ1948 በዘር መለያየት መድረክ ለፕሬዚዳንትነት የተወዳደሩትን ስትሮም ተርመንድን ሲያሞግሱ፣ ትልልቆቹ ሚዲያዎች መጀመሪያ ላይ ብዙም ትኩረት አልሰጡትም። ጉዳዩን ሳይለቁ የያዙት የግራም የቀኝም ጦማርያን ነበሩ። ሎት በሁለት ሳምንት ገደማ ከመሪነት ወረዱ። በ2005ም ፕሬዚዳንት ቡሽ ሃሪየት ማየርስን ለጠቅላይ ፍርድ ቤት ሲያጩ፣ ብቃታቸውን አጥብቀው ከተቃወሙት መካከል የራሳቸው ወገን ጸሐፊዎችና ጦማርያን ይገኙበታል። ማየርስ ከአንድ ወር ባነሰ ጊዜ ራሳቸውን አገለሉ።

በ2004ቱ ውዝግብ ወቅት አንድ የቀድሞ የሲቢኤስ ኃላፊ ጦማሪን ሳሎኑ ውስጥ በፒጃማ ተቀምጦ የሚጽፍ ሰው አድርጎ ገለጸው። ንቀት ነበር። ጦማርያኑ ግን ስድቡን ማዕረግ አደረጉት፤ በ2005 ፒጃማስ ሚዲያ የተባለ ድርጅት አቋቋሙ። ታይም መጽሔትም ፓወር ላይንን የ2004 የዓመቱ ጦማር ብሎ ሰየመው።

የዚያ ድል ምስጢር ግን የጦማርያኑ ወግ አጥባቂነት አልነበረም። ሲቢኤስ ሰነዶቹን በድረ ገጹ ላይ አውጥቷቸው ስለነበር ማንም ሰው ከፍቶ ማየት ይችላል። ጦማርያኑም ማስረጃቸውን አልደበቁም። ከእነሱም የተሳሳተ ነበር፤ ለምሳሌ በዚያ ዘመን እንዲህ የሚጽፍ መኪና ጨርሶ አልነበረም ያሉ ሰዎች፣ ውድና ጥቂት ቢሆንም እንደነበረ በሌሎች ታርመዋል። የተሳሳተውን ሌላው የሚያርምበት፣ ሁሉም የሚያየው ሜዳ ነበር።

ስድስት ዓመት ወደፊት። ጁላይ 19 ቀን 2010 ሌላው የወግ አጥባቂዎች አሳታሚ አንድሪው ብራይትባርት አንድ አጭር ቪዲዮ ለቀቀ። በቪዲዮው በግብርና ሚኒስቴር የጆርጂያ ኃላፊ የነበሩት ጥቁር አሜሪካዊቷ ሸርሊ ሸሮድ አንድን ነጭ ገበሬ በሙሉ ልባቸው እንዳልረዱ ሲናገሩ ይሰማል። በዚያው ቀን ሥራቸውን እንዲለቁ ተደረገ። የጥቁሮች መብት ተሟጋቹ ኤንኤኤሲፒ ሳይቀር አወገዛቸው።

ሙሉ ንግግሩ ሲወጣ ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ሆኖ ተገኘ። ሸሮድ የሚናገሩት ከሃያ ዓመት በላይ ስላለፈ ገጠመኝ ነበር። ጉዳዩ የዘር ሳይሆን የድህነት መሆኑን የተረዱበትን፣ ገበሬውንም እርሻውን እንዲያድን የረዱበትን ታሪክ ነበር የሚያወሩት። ገበሬውና ባለቤቱ ራሳቸው ወጥተው መሰከሩላቸው። የግብርና ሚኒስትሩ ይቅርታ ጠየቁ፤ ፕሬዚዳንት ኦባማም ስልክ ደወሉላቸው።

ሁለቱን ቀናት ጎን ለጎን ማስቀመጥ ያስተምራል። በ2004 ጦማርያኑ ሕዝቡን "ሙሉውን ሰነድ ይኸው፣ እናንተው ፍረዱ" አሉት። በ2010 የቀረበው ከሙሉው ላይ የተቆረጠ ነው፤ ሙሉው እስኪመጣ አንዲት ሴት እንጀራዋን አጥታለች። በ2004 ጥፋቱ የትልቁ ጣቢያ ነበር፦ ማመን የሚፈልገውን ወረቀት ሳያጣራ አመነ። በ2010 ደግሞ ያንኑ ጥፋት በር ጠባቂዎችን እናርማለን ሲሉ የተነሱት ደገሙት፤ መንግሥቱና ተሟጋቹ ድርጅትም በጥድፊያ ተከተሏቸው።

ተጽዕኖው ግን አልቀነሰም። ብራይትባርት በ2012 ቢሞትም በስሙ የሚጠራው ድረ ገጽ በስቲቭ ባነን አመራር ቀጠለ። በኦገስት 2016 ባነን የዶናልድ ትራምፕ የምርጫ ዘመቻ ዋና ሥራ አስፈጻሚ ሆነ፤ ከዚያም ወደ ኋይት ሐውስ ገባ። ከዳር ሆኖ በር የሚያንኳኳው ወገን ከቤቱ ውስጥ ተቀመጠ። ቻርለስ ጆንሰን በበኩሉ በ2009 ከቀኙ ወገን መለየቱን በጦማሩ ላይ አስታውቆ ነበር።

የወግ አጥባቂዎቹ ቅሬታ መሠረት ነበረው። ራሱን ብቻ የሚሰማ የዜና ክፍል ስህተቱን አያይም፤ ከውጭ የሚያርመው ሰው ያስፈልገዋል። ነገር ግን አራሚውም ሲገን የራሱ አራሚ ያስፈልገዋል። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ቢባልም፣ ሸርሊ ሸሮድን ከሥራ ለማስወጣት አንድ ቀን በቂ ነበር። ስለዚህ ቁርጥራጭ ቪዲዮ ወይም የአንድ ገጽ ፎቶ የደረሰው ሰው፣ ለሌላው ከማስተላለፉ በፊት የሚጠይቀው "የማን ወገን ለቀቀው?" ብቻ ሳይሆን "ሙሉው የት አለ?" መሆን አለበት።