የአሶሳ ወርቅ፤ በረከቱና ዕዳው

በአንድ ሀብት ላይ የቆመ ከተማ ታሪክ ሁለት መልክ አለው። የእንግሊዝ አገሯ ማንቸስተር በጥጥ ፋብሪካዎቿ በበለጸገችበት ዘመን፣ ከጥጡ አብዛኛውን የሚለቅሙት በአሜሪካ እርሻዎች የሚሠሩ ባሮች ነበሩ። በኢትዮጵያ ምዕራባዊ ዳርቻ የምትገኘው አሶሳ የፋብሪካ ከተማ ባትሆንም፣ በወርቅ የቆመ የገዢ መቀመጫ ስለ ነበረች ታሪኳ ከዚህ የራቀ አይደለም።

የቤኒ ሻንጉል ወርቅ ከጥንት ጀምሮ ከወንዝ አሸዋና ከደለል አፈር እየታጠበ ይወጣል። አጣቢው የበርታ ሕዝብ ሲሆን፣ በሥራው የሴቶች ድርሻ ከፍ ያለ ነው። ወርቁ ከደጋው በሚወርደው አሞሌ ጨው ይለወጥ ስለ ነበረ የሁለት አገር ነጋዴ በአንድ ገበያ ይገናኝ ነበር። ጀላባ የሚባሉት የሱዳን ነጋዴዎች ከበርታ ጋራ ተጋብተው ወጣዊጥ የተባለውን የገዢ ወገን አስገኙ፤ ቃሉ በዐረብኛ «የሌሊት ወፎች» ማለት ነው። እስልምናና የዐረብኛ ጽሕፈትም በዚሁ መንገድ ተስፋፉ። ይህ በረከቱ ነው።

ነገር ግን ያው ወርቅ ወራሪን ጠራ። የግብፁ ገዢ የመሐመድ ዓሊ ልጅ እስማኤል በ1814 ዓ.ም. ወርቅና ባሪያ ፍለጋ እስከ ፋዞግሊ ዘመተ፤ በ1831 ዓ.ም. አባቱ ራሱ ወደዚያው መጣ፤ በ1840 ዓ.ም. ደግሞ ኮቫሌቭስኪ የተባለው የሩስያ መሐንዲስ ለግብፅ መንግሥት ወርቅ ሊያወጣ ተላከ። የተገኘው ወርቅ ከተስፋው እጅግ ያነሰ ነበር፤ የተማረከው ሰው ግን ብዙ ነበር።

በ1890 ዓ.ም. የራስ መኰንን ጦር አገሩን ለዳግማዊ ምኒልክ አስገበረ። የአሶሳው ገዢ ሼክ ሖጀሌ አል-ሐሰን ተማርከው ጥቂት ዓመታት በአዲስ አበባ ከታሰሩ በኋላ፣ ወርቅ እየገበሩ እንዲገዙ ወደ አገራቸው ተመለሱ። በዚህም ሃይማኖታቸውንና የውስጥ አስተዳደራቸውን ጠብቀው ለመኖር ቻሉ፤ አገሩም እንደ ሌሎቹ በጦር የተያዙ አውራጃዎች በነፍጠኛ አልተደለደለም።

ሆኖም ይህ ነጻነት የገዢው ነጻነት እንጂ የተገዢው አልነበረም። ግብሩ ከሼኩ ይጠየቃል፤ ሼኩ ደግሞ ወርቅ የሚያጥብ እጅ ይሻሉ። ስለዚህ ወርቁ የሚታጠበው በከፊል በባሪያ ጉልበት ሆነ፤ ጉሙዝ፣ ማኦና ኮሞ የተባሉት ጎረቤት ሕዝቦችም በየጊዜው ይፈነገሉ ነበር። የሼኩ ባለቤት ሲት አምና በሱዳን ወሰን በኩል በባሪያ ንግድ ተከሰው በ1920 ዓ.ም. ገደማ በሱዳን መንግሥት ተፈረደባቸው። የ1916ቱ የባርነት ዐዋጅ ወደዚህ ዳርቻ የደረሰው ቀስ ብሎ ነው፤ በሕግ በኩል ባርነት ፈጽሞ የተሻረው በ1934 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት አሶሳ የጣሊያንን ወረራ ቀምሳ፣ መጋቢት 2 ቀን 1933 ዓ.ም. በቤልጅግ ኮንጎ ወታደሮች ነጻ ወጥታ ነበር።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ሀብት በራሱ በጎም ክፉም አለመሆኑ ነው፤ የሚለየው የሚያወጣውና የሚጠቀመው ማን እንደ ሆነ ሲታይ ነው። ነገሩም ያለፈ ብቻ አይደለም። ቤኒ ሻንጉልን በኢትዮጵያ ወሰን ውስጥ ያስቀረው ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጋራ የተፈረመው ውል፣ ያለ እንግሊዝና ያለ ሱዳን መንግሥት ስምምነት የዓባይን ውሃ የሚገታ ሥራ እንዳይሠራም የሚል አንቀጽ ነበረው። ያም ሆኖ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ታላቁ የሕዳሴ ግድብ በዚሁ ክልል፣ በጉባ ተመረቀ። ጉባ የጉሙዝ አገር ነው። ትናንት ለወርቅ ሲባል የተፈነገለው ሕዝብ ልጆች ዛሬ ከውሃው ሀብት የሚደርሳቸው ድርሻ፣ ያ የቆየ ዕዳ መከፈል አለመከፈሉን የሚያሳይ ሚዛን ይሆናል።