ብርበራ፣ ዕፅ እና «በሕግ አምላክ»

አባቶቻችን «በሕግ አምላክ!» ሲባሉ ባሉበት ይቆሙ እንደነበር ደጋግመን እንሰማለን። የተቆጣ ሰው ዱላውን ያወርዳል፤ አሳዳጅ እግሩን ይገታል። ይህን ቃል የምናወሳው የአገራችንን ሕግ አክባሪነት ለማሳየት ነው። አንድ ጥያቄ ግን ዘወትር ይታለፋል፤ በር የሚያንኳኳው ራሱ የሕግ አስከባሪው ሲሆን «በሕግ አምላክ» የሚባለው ለማን ነው?

የዕፅ ወንጀል ለዚህ ጥያቄ የተሻለ ማሳያ ነው፤ ለዕፅ አዘዋዋሪ የሚያዝን ሰው የለምና። ማንም የማይቆምለት ተከሳሽ በሚዳኝበት ሕግ ግን ሌላውም ሰው ይዳኛል።

ዕፅና ብርበራ በታሪካችን የተገናኙት በእንግዳ መንገድ ነው። ዛሬ ፖሊስ ዕፅ ፍለጋ ቤት ይበረብራል፤ በቀድሞው ዘመን ግን ዕፅ የጠጣው በርባሪው ነበር። በሌባ ሻይ ሥርዓት አንድ ለጋ ልጅ የሚያደነዝዝ መድኃኒት ይጠጣል፤ ያጨሳል፤ ከዚያም ወገቡ ታስሮ እየተመራ በየቤቱ ይገባል። ልጁ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ተብሎ ይያዛል። ተከሳሹ ምን ብሎ ይከላከል? የሚጠየቅ ምስክር የለም፤ የሚመረመር ማስረጃም የለም። ሥርዓቱ እየተገደበ ሄዶ ቀረ።

በ1923 ዓ.ም. የወጣው የመጀመሪያው ሕገ መንግሥት፣ ሕግ ከፈቀደው ውጭ የኢትዮጵያዊ ቤት እንዳይበረበር ደነገገ። የ1948ቱ የተሻሻለው ሕገ መንግሥትም ሰውንና መኖሪያ ቤትን ከሕገ ወጥ ብርበራ እንደሚጠብቅ ቃል ገባ። ዝርዝሩን ያመጣው ግን የ1954 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ነው። አንቀጽ 32 እና 33 ፖሊስ ያለ ፍርድ ቤት ማዘዣ ቤት እንዳይበረብር ከለከሉ። ማዘዣው የሚፈለገውን ዕቃ ለይቶ እንዲጠቅስ፣ ፍርድ ቤቱ በግልጽ ካላዘዘ በቀር ብርበራው ከጧቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ብቻ እንዲካሄድ፣ የተያዘው ዕቃም ተዘርዝሮ በተቻለ መጠን ገለልተኛ ሰው እንዲፈርምበት አዘዙ።

ሕጉ ለዚህ ጥበቃ ሁለት ልዩ ሁኔታዎች ነበሩት። አንደኛው ወንጀለኛው እግር በእግር ሲሳደድ ቤት የገባ እንደሆነ ነው። ሁለተኛው ከ3 ዓመት በላይ በሚያስቀጣ ወንጀል ክስ ወይም አቤቱታ ቀርቦ፣ ማስረጃው በአንድ ስፍራ ተደብቋል ተብሎ ሲጠረጠርና ማዘዣ እስኪመጣ እንዳይሸሽ ሲያሰጋ ነው። አንባቢ ይህን የ3 ዓመት መስመር ልብ ይበል፤ የጉዳዩ ቁልፍ ያለው እዚህ ላይ ነውና።

በ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ አንቀጽ 510 መሠረት አደንዛዥ ዕፅ ማዘዋወር በመደበኛው ሁኔታ የሚያስቀጣው በቀላል እስራት ነበር። የቀላል እስራት ጣሪያ ደግሞ 3 ዓመት ነበር። ስለዚህ ከባዱ የዕፅ ንግድ ሲቀር፣ ተራው የዕፅ ጉዳይ ከልዩ ሁኔታው ውጭ ነበር፤ ፖሊስ ወደ ዳኛ መሄድ ነበረበት። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ግን በአንቀጽ 525 ዕፅ ማምረትንና ማዘዋወርን ከ5 ዓመት በማያንስ ጽኑ እስራት የሚያስቀጣ አደረገ። ቅጣቱ ሲከብድ ሁሉም አየ። ስለ ብርበራ አንድም ቃል ሳይለወጥ የማዘዣው ጥበቃ አብሮ መላላቱን ግን ስንቱ አስተዋለ?

አንድ ሾፌር ከኮምቦልቻ ተነሥቶ የሐረጎን ዳገት ወጥቶ ደሴ ሲቃረብ ኬላ ላይ ቆመ እንበል። ከጭነቱ መሀል ካናቢስ ተገኘ። ሾፌሩ «የሰው ዕቃ ነው፤ አላውቅም» ይላል። ይህ ተራ ሰበብ አይደለም፤ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 23 መሠረት ያለ ሐሳብ ክፍል ወንጀል አይሟላምና። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 20 ተከሳሹ ጥፋተኛ እስኪባል እንደ ንጹሕ እንዲቆጠር ያዛል። ዕቃው የት እንደተገኘ፣ ማን እንዳሸገው፣ ማን ቆሞ እንዳየ የሚመሰክረው ያ የገለልተኛ ሰው ፊርማ ነው። ፊርማው ከሌለ የሾፌሩ ቃል ከፖሊሱ ቃል ጋር ብቻውን ይቀራል።

«ብርበራው ራሱ ሕገ ወጥ ነበር» ብሎ ቢከራከርስ? ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 26 የግል ሕይወትን ያስከብራል፤ በአንቀጽ 19 ደግሞ በማስገደድ የተገኘ ቃል ተቀባይነት እንደሌለው ይደነግጋል። በሕገ ወጥ ብርበራ ስለተገኘ ዕቃ ግን ዝም ይላል። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እንዲህ ያለው ማስረጃ በክፍለ ግዛቶች ፍርድ ቤቶችም እንዳይቀርብ የወሰነው እ.ኤ.አ. በ1961፣ የእኛ የሥነ ሥርዓት ሕግ በወጣበት በዚያው ዓመት ነበር። እነርሱ ጥሰቱን ዋጋ አሳጡት፤ እኛ ጥሰቱን ከልክለን ፍሬውን ተቀበልን።

ፍርሃት የገዛው መንግሥት ደግሞ በተከለከለው ላይ አይቆምም። በመጋቢት 1969 ዓ.ም. ደርግ በአዲስ አበባ የቤት ለቤት አሰሳ ሲያካሂድ የዳኛ ማዘዣ ቦታ አልነበረውም፤ ቀይ ሽብርም ደሴን አልማረም። የ2001 ዓ.ም. የፀረ ሽብርተኝነት አዋጅ፣ በ2012 ዓ.ም. እስኪሻር ድረስ፣ በፖሊስ ኃላፊ ፈቃድ ብቻ መኪናና እግረኛ አስቁሞ በድንገት መፈተሽን ፈቅዶ ነበር። ምክንያቱ ይለዋወጣል፤ አንዴ ፀረ አብዮተኛ፣ አንዴ ሽብርተኛ፣ አንዴ ዕፅ አዘዋዋሪ ነው። በሁሉም ዘንድ የሚታለፈው ግን ያው ዳኛ ነው።

ዕፅ ትውልድን የሚጎዳ ነገር ነው፤ ሕግም ሊቀጣው ይገባል። ቅጣት ሲከብድ ግን ጥበቃውም አብሮ መክበድ አለበት፤ አምስት ዓመት የሚታሰረው ሰው ከሦስት ወር ታሳሪ ይልቅ ዳኛ ያስፈልገዋልና። በየዘመኑ የሰው በር ያስከፈቱ ባለ ሥልጣናት፣ ዘመን ሲገለበጥ የራሳቸው በር ሲንኳኳ አይተናል። በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም፤ ቁናውን አስቀድሞ ማስተካከል ለሁሉም ይበጃል።

ቸር ያሰማን።