ድርቡሽ የወሰደው ወንድም፦ ምርኮና ማምለጥ በጎጃም ታሪክ



በፍኖተ ሰላም አቅራቢያ ባደግሁበት ቤት የዘር ቆጠራው አንድ ስም ላይ ይቆም ነበር፤ «እሱን ድርቡሽ ወሰደው» ይባልና ወደሚቀጥለው ወንድም ይታለፋል። ስለ ምርኮ ሳነብ ሁልጊዜ የሚታወሰኝ ያ ዝምታ ነው።

የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት በጥር 1879 ዓ.ም. መተማን ወግተው የማህዲስቶቹን አሚር ወድ አርባብን ገደሉ። ሠራዊታቸው ሴቶችንና ሕፃናትን ማርኮ ተመለሰ፤ ይህን ሳናነሳ ማለፍ ለእኛ ለጎጃሜዎች ይመቸን ይሆናል፣ ታሪኩን ግን ያጎድለዋል። በዓመቱ፣ በጥር 1880 ዓ.ም.፣ ሐምዳን አቡ አንጃ ደምቢያ ዘልቆ የጎጃምን ጦር ሳር ውሃ ላይ ድል አደረገ። ጎንደር ተቃጠለች። የንጉሡ ቤተሰቦች ሳይቀሩ በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ተማረኩ፤ ብዙዎቹም እስከ ኦምዱርማን ተነዱ።

ያን ጊዜ ኦምዱርማን ውስጥ አውሮፓውያን ምርኮኞችም ነበሩ። ኦስትሪያዊው ካህን ዮሴፍ ኦርዋልደር እ.ኤ.አ. በ1891፣ የአገሩ ልጅ ሩዶልፍ ስላቲን በ1895 አምልጠው ዓለም ያነበባቸውን መጻሕፍት አሳተሙ። በመጻሕፍቱ ውስጥ የሐበሻ ምርኮኞች አሉ፤ በአብዛኛው ግን በጅምላ ነው የሚወሱት። የሁለቱን ሰዎች ጽናት አላቃልልም። ሆኖም ከግብፅ በኩል የዊንጌት የስለላ ክፍልና ወዳጆቻቸው ገንዘብ መድበው፣ ግመልና መንገድ መሪ አዘጋጅተውላቸው ነበር። በአሜሪካ ቅኝ ግዛት ጠረፍ እ.ኤ.አ. በ1676 የተማረከችው ሜሪ ሮላንድሰንም በ20 ፓውንድ ቤዛ ተለቅቃ ነው በ1682 መጽሐፏ የታተመው። ከፋይ ያለው ምርኮኛ ይመለሳል፤ ማተሚያ ቤት ያለበት አገር የተመለሰ እንደሆነም ይነበባል።

ለዳሞት ገበሬ ማን ይክፈልለት? አፄ ዮሐንስ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. መተማ ላይ ወደቁ። አገሩም ክፉ ቀን ገብቶበት፣ ከብቱ በበሽታ አልቆ፣ የሚያርስ በሬ ጠፍቶ ነበር። ጠባቂ አታልሎ፣ የገዳሪፍን ሜዳ በሌሊት አቋርጦ ቢመጣ እንኳ የሚጠብቀው ጠፍ ቀዬ ሊሆን ይችላል። አንዳንዱ ሳያመልጥ የቀረው በፍርሃት ሳይሆን ይህን ሰምቶ ቢሆንስ? የኦምዱርማንን መጻሕፍት ብቻ ይዘን ይህን ልንመልስ አንችልም።

ስለዚህ ከቡሬ፣ ከጃቢ ጠህናንና ከደምበጫ የመጣችሁ ተማሪዎች ለፋሲካ ስትሄዱ ሽማግሌዎችን የዘር ቆጠራ አስቆጥሩ። ድርቡሽ የወሰደው ሰው ሲጠራ ስሙን፣ ቀዬውን፣ ማን ሲያለቅስለት እንደኖረ ጻፉ። ከመተማ ተማርኮ መጥቶ እዚህ የቀረ ሰው ዘር ካለም፣ እንደዚያው በክብር ጠይቁ።