አራት ዓመት ያልሞላው ኢሕዴሪ

ጥር 24 ቀን 1979 ዓ.ም. የአዲሱ ሕገ መንግሥት ረቂቅ ለሕዝበ ውሳኔ ቀረበ፤ መንግሥትም 81 በመቶው መራጭ ደግፎታል ሲል አስታወቀ። ከዚያ አስቀድሞ በየቀበሌውና በየገበሬ ማኅበሩ ውይይት ተደርጎበት ነበር። ሰዉ ዝም አላለም፤ ከአንድ በላይ ሚስት ማግባትን የሚከለክለው አንቀጽ በሙስሊሞች ዘንድ ብዙ አነጋግሯል። ማን ይምራን የሚለው ግን ያለቀለት ጉዳይ ነበር፤ መሪው የኢትዮጵያ ሠራተኞች ፓርቲ (ኢሠፓ) ነው ተብሎ ተጽፏል።

የፓርቲው ፖሊት ቢሮ ሲቋቋም ከ11 አባላቱ ሰባቱ የደርግ ቋሚ ኮሚቴ ሰዎች ነበሩ። በጳጉሜን 1979 ዓ.ም. 835 መቀመጫ ያለው ብሔራዊ ሸንጎ የኢትዮጵያ ሕዝባዊ ዲሞክራሲያዊ ሪፐብሊክን (ኢሕዴሪን) ሲያውጅ ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ፕሬዚዳንት ሆኑ። የፓርቲው ዋና ጸሐፊም፣ የጦሩ ጠቅላይ አዛዥም እሳቸው ነበሩ። ታዲያ ሲሳሳቱ ማን ይመልሳቸው?

መልሱ በሰሜን ታየ። በየካቲት 1980 ዓ.ም. በኤርትራ ይዋጋ የነበረው የናደው ዕዝ አዛዥ ብርጋዴር ጄኔራል ታሪኩ ዓይኔ በመንግሥቱ ትእዛዝ ተረሸኑ። ከአንድ ወር ገደማ በኋላ አፋቤት ላይ ዕዙ በኤርትራ አማፂው ሻዕቢያ ተደመሰሰ።

ግንቦት 8 ቀን 1981 ዓ.ም. መንግሥቱ ወደ ምሥራቅ ጀርመን እንደበረሩ ጄኔራሎቹ መከላከያ ሚኒስቴር ተሰብስበው መፈንቅለ መንግሥት ሞከሩ። የመከላከያ ሚኒስትሩ ሜጀር ጄኔራል ኃይለ ጊዮርጊስ ሀብተ ማርያም እዚያው ተገደሉ። ሙከራው ሲከሽፍ ኤታማዦር ሹሙ ሜጀር ጄኔራል መርዕድ ንጉሤና የአየር ኃይል አዛዡ ሜጀር ጄኔራል አምሃ ደስታ ራሳቸውን አጠፉ። በሙከራው የተሳተፉት የኤርትራው ጦር አዛዥ ሜጀር ጄኔራል ደምሴ ቡልቶም አሥመራ ላይ ተገደሉ። በዓመቱ 12 ጄኔራሎች ተረሸኑ። አገር በብዙ ድካም ያሠለጠነቻቸው አዋቂዎች ጦርነቱ እጅግ በከፋበት ሰዓት አለቁ። እኔ ኢሕዴሪ የወደቀው ያን ጊዜ ነው እላለሁ፤ የቀረው ጣር ነበር።

በየካቲት 1982 ዓ.ም. ምጽዋ በሻዕቢያ ተያዘች። በዚያው ወር ቅይጥ ኢኮኖሚ ታወጀ፣ የኢሠፓም ስም ተለወጠ። ጊዜው ግን አልፎ ነበር። ግንቦት 13 ቀን 1983 ዓ.ም. መንግሥቱ ወደ ዚምባብዌ ሸሹ፤ ከሳምንት በኋላ የአማፂዎቹ ግንባር ኢሕአዴግ አዲስ አበባ ገባ።

መንግሥቱም፣ ፍቅረ ሥላሴ ወግደረስም፣ ፍሥሓ ደስታም ትዝታቸውን ጽፈዋል። በሸንጎው የተቀመጡት ተራ እንደራሴዎችና የቀበሌ ውይይቱን ቃለ ጉባኤ የያዙ ሰዎች ግን ብዙም አልተሰሙም። ከእነዚህ አንዱ ከሆኑ፣ ወይም አባትዎ ከነበሩ፣ ዕድሜ ሳይቀድም ያዩትን በወረቀት ያስፍሩልን።