ከእርሾ እስከ ፍሪዘር

ባለፈው ቅዳሜ ጓደኞቼ ፒዛ ሊበሉ መጥተው አሳፈርኳቸው። ከሁለት ሳምንት በፊት አቡክቼ ፍሪዘር ውስጥ ያስቀመጥኩት ሊጥ ኩፍ አልል አለ። ለካ በመሀል መብራት ጠፍቶ፣ ቀልጦ፣ ተመልሶ በርዷል። እናቴ ነካ አድርጋ አየችውና «አራዳ ቢሆን ከጎረቤት እርሾ እዋስ ነበር» አለች። በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ ሰፈሮች ሲፈርሱ እኛም ጎረቤቶቻችንም ተበትነናል።

ነገሩ ታሪክ አለው። ጣልያን ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገባ የከተማዋ ትልቁ ገበያ አራዳ፣ ጊዮርጊስ አካባቢ ነበር። ወራሪው ያገሬውን ገበያ ወደ ምዕራብ ገፋው፤ መርካቶ የምንለው ያ ነው። አራዳ ላይ ደግሞ «ፒያሳ» የሚለው ስም ቀረ፤ በጣልያንኛ አደባባይ ማለት ነው። በ1933 ጦሩ ሲሸነፍ ማኪያቶው፣ ፓስታው፣ ኬኩ ግን አልሄደም። ካስቴሊና ኤንሪኮ ለብዙ ዓመታት የፒያሳ መለያ ሆነው ኖሩ። ፒዛ ግን ያኔ ባብዛኛው የናፖሊ ምግብ ነበር። ራሷ ጣልያን ውስጥ እንኳን በሰፊው የተዛመተው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው።

ፒዛ ሳይመጣ በፊትም አራዳ ሊጥ ማስነሳት ያውቅ ነበር። ቡሃቃው ላይ የሚያቀረው ቢጫ ውሃ፣ ማለትም እርሾው፣ ተቀንሶ ለሚቀጥለው ይቀመጣል። ያለቀባት ከጎረቤት ትወስዳለች። እርሾ ቆልፈህ ብታስቀምጠው ይበላሻል፤ የሚኖረው ሲሠራበትና ሲሰጥ ነው። አንድ ቤት ቢጠፋ ሌላ ቤት አለ። በኛ በኮምፒውተር ሰዎች ቋንቋ፣ ባክአፑ ጎረቤት ነበር።

ፍሪዘር የብቻ ዘዴ ነው። ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ላይ እርሾው አይሞትም፣ ይተኛል። ሊጡ ቀስ ብሎ ሲበርድ ግን ትልልቅ የበረዶ ቅንጣቶች ይሠራሉ፤ እነሱ ሊጡን ይጎዱታል፣ ከእርሾውም የሚሞት አለ። የሞተው እርሾ የሚለቀው ነገር ደግሞ ሊጡን ያላላዋል። ስለዚህ ብዙ ሳይነሳ በፊት፣ በትንንሹ ከፋፍለህ፣ ጠፍጠፍ አድርገህ፣ አየር በማያስገባ ላስቲክ ጠቅልለህ አስገባ። በአንድ ወር ውስጥ ተጠቀምበት። ስታወጣው አትቸኩል፦ ሌሊቱን ፍሪጅ ውስጥ ይደር፣ ከዚያ ኩፍ እስኪል ውጭ ይቆይ። አንዴ የቀለጠውን መልሰህ አታስገባ፤ የኔን ሊጥ የገደለው እሱ ነው።

በማግስቱ እናቴ ስልክ ደወለች። የድሮ ጎረቤታችን ከሌላኛው የከተማ ጫፍ ሁለት ታክሲ ቀይረው፣ በሃይላንድ እርሾ ይዘው መጡ። ዳቦ ጋገርን። ሲሄዱ እናቴ ሃይላንዱን ባዶውን አልመለሰችውም፤ የራሷን እርሾ ሞልታ ሰጠቻቸው።