ጦሩ የጣለው የጀርባ ቦርሳ

በአውሮፓና በአሜሪካ ከተሞች የጦር ሠራዊት ትርፍ ዕቃ የሚሸጥባቸው ሱቆች አሉ። በኢትዮጵያ ሰልባጅ ከሚባለው ንግድ ጋር ይመሳሰላሉ፤ ልዩነቱ በመደርደሪያዎቻቸው ላይ የሚገኘው ዕቃ በአብዛኛው በመንግሥት ገንዘብ ተጠንቶ፣ ተፈትኖና ለሠራዊት ታድሎ በመጨረሻ ከአገልግሎት የወጣ መሆኑ ነው። ተራራ የሚወጣ፣ ለቅየሳ ጫካ የሚገባ ወይም ለአደን የሚሄድ ሰው ከእነዚህ ሱቆች አንድ ትልቅ የጀርባ ቦርሳ በርካሽ ገዝቶ ሠላሳ ኪሎ ግራም ሊሸከምበት ያስባል። ሻጩም ቦርሳው ለወታደር የተሠራ መሆኑን እንደ በቂ ዋስትና ያቀርብለታል። ይሁን እንጂ ገዢው ከዋጋው አስቀድሞ ሊጠይቅ የሚገባው አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም ጦሩ ይህን ቦርሳ ለምን ጣለው የሚለው ነው። መልሱ የሚገኘው በራሱ በሸክም ታሪክ ውስጥ ነው። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የወታደር ሸክም ከጥንት ጀምሮ አዛዦችን ያስጨነቀ ጉዳይ ነው። የሮማው ጋይዮስ ማሪዮስ ወታደሮች ስንቃቸውንና መሣሪያቸውን ራሳቸው እንዲሸከሙ በመደረጋቸው «የማሪዮስ በቅሎዎች» ተብለው ነበር። ሸክሙ በሳይንስ ዘዴ መመርመር የጀመረው ግን በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ነው። በጀርመን አገር ዙንትስና ሹምቡርግ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ሰዎችን 22፣ 27 እና 31 ኪሎ ግራም እያሸከሙ በማስኬድ ሸክሙ በሰውነት ላይ የሚያደርሰውን ድካም መረመሩ፤ ጥናታቸውም በ1901 ታተመ። በ1950 ደግሞ አሜሪካዊው የጦር ታሪክ ጸሐፊ ኤስ. ኤል. ኤ. ማርሻል ስለ ወታደር ሸክም ባሳተመው መጽሐፍ ሰኔ 6 ቀን 1944 በኖርማንዲ ጠረፍ ከጀልባ የወረዱትን ወታደሮች ምሳሌ አድርጎ አቀረበ። ከእነዚህ ወታደሮች መካከል የተሸከሙት ዕቃ ወደ ባሕር ያሰጠማቸው ነበሩ። ማርሻል በሌሎች ጽሑፎቹ፣ በተለይም በጦር ሜዳ ስንት ወታደር እንደሚተኩስ በሰጣቸው አኀዞች፣ በኋላ ብርቱ ትችት ደርሶበታል፤ ስለ ሸክም የተናገረው ግን ዛሬም ይጠቀሳል። በእርሱ አስተያየት ወታደር በልምምድ ጊዜ ከክብደቱ ሢሶ በላይ፣ በውጊያ ጊዜ ደግሞ ከዚሁ ሸክም ከአምስት እጅ አራቱን እጅ በላይ መሸከም የለበትም። 70 ኪሎ ግራም ለሚመዝን ሰው ይህ 23 እና 19 ኪሎ ግራም ገደማ ይሆናል ማለት ነው። ይህን ወሰን ያከበረ ጦር ግን ለማግኘት ያስቸግራል።

ሸክሙን መቀነስ ስላልተቻለ ጥረቱ ወደ ተሸካሚው መሣሪያ ዞረ። ችግሩ ለመሐንዲስ ግልጽ ነው። በትከሻ ማንገቻ ብቻ የተንጠለጠለ ከረጢት የክብደት ማዕከሉ ከጀርባ በራቀ መጠን ሰውን ወደ ኋላ የሚገለብጥ ኃይል ይፈጥራል፤ ተሸካሚው ይህን ለማመጣጠን ወደ ፊት ይጎብጣል፤ ክብደቱም በሙሉ በትከሻና በጀርባ አጥንት ላይ ያርፋል። ኖርዌያዊው ኦሌ በርጋን በ1908 አንድ የጥድ ዘንግ በጀርባ ቅርጽ አጉብጦ ከከረጢቱ ጋር በማያያዝ ሸክሙን ከጀርባው ጋር አስማማው፤ በ1909ም የፈጠራ መብት አገኘበት። የእንግሊዝ ወታደሮች እስከ ዛሬ ትልቁን የጀርባ ቦርሳ «በርገን» የሚሉት ከዚሁ ሰው ስም በተወሰደ ቃል ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የአሜሪካ ጦር ጥይትና ሞርታር በኮምፔንሳቶ ሰሌዳ ላይ እየታሰረ በጀርባ እንዲጓጓዝ አድርጎ ነበር።

ይሁንና የቃኘው ሻለቆች ከ1951 ጀምሮ በአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ሥር ሆነው በተዋጉበት የኮሪያ ተራራማ ምድር፣ በፋብሪካ ከተሠራው ሁሉ የበለጠ አገልግሎት የሰጠው የአገሩ ገበሬ መሸከሚያ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም። ኮሪያውያን ጂጌ የሚሉት ይህ መሸከሚያ ሁለት ባላ እንጨቶች በአግዳሚ ተያይዘው የሚሠራና በገለባ ገመድ የሚታዘል ነው። መኪና በማይደርስበት ሸንተረር ላይ ለሰፈረው የተባበሩት መንግሥታት ጦር ምግብና ጥይት ያቀርቡ የነበሩት ኮሪያውያን ተሸካሚዎች በዚህ ዕቃ 23 ኪሎ ግራም ያህል ይዘው በቀን 16 ኪሎ ሜትር እንዲጓዙ ይጠበቅባቸው ነበር። ቁጥሩ ከማርሻል ወሰን ጋር መቀራረቡ የሚያስገርም ነው።

ዋናው እርምጃ የመጣው ከጦር ሠራዊት ውጭ ነው። አሜሪካዊው ዲክ ኬልቲ ከጓደኛው ጋር በካሊፎርኒያ ተራሮች ሲጓዝ የፍሬሙን የታችኛውን ጫፎች በሱሪው የኋላ ኪስ ውስጥ በመሰካት ክብደቱ ከትከሻ ወደ ዳሌ እንደሚወርድ ተገነዘበ። በ1952 የአሉሚኒየም ፍሬም ያለው ቦርሳ እየሠራ መሸጥ ጀመረ፤ ከዚህም የወገብ ቀበቶ ተስፋፋ። ዳሌ ከትከሻ ይልቅ ሸክም ለመቀበል የተመቸ ነው፤ የእግር ጡንቻዎችም ለእርሱ ቅርብ ናቸው። ከዚያ ወዲህ የታየው መሻሻል ሁሉ ማለት ይቻላል በአንድ ነገር ይመዘናል፤ እርሱም ከክብደቱ ምን ያህሉ ዳሌ ላይ ያርፋል የሚለው ነው።

የአሜሪካ ጦር ጥር 17 ቀን 1973 የተቀበለው «አሊስ» የተባለው ትጥቅ በዚህ ረገድ ግማሽ መንገድ የሄደ ነበር። ትልቁ ቦርሳ ወደ 62 ሊትር ገደማ ይይዛል፤ የተፈቀደለትም ሸክም 32 ኪሎ ግራም ያህል ነው። ናይለኑ ጠንካራ ነው፤ በሪቬት የተያያዘው የአሉሚኒየም ፍሬም ቦርሳውን ከጀርባ አርቆ አየር ያሳልፋል። ነገር ግን ፍሬሙ ለአጭርም ለረጅምም ሰው አንድ ልክ ነው፤ ወገቡ ላይ ያለው ጥብጣብም ሸክም ከመቀበል ይልቅ ቦርሳው እንዳይወዛወዝ የሚያደርግ ነው። ስለዚህም ትልቁ የክብደት ድርሻ በትከሻ ላይ ይቀራል። ይህ ጉድለት ወታደርንና ሲቪልን አይለይም፤ አሊስን ርካሽ በመሆኑ ብቻ የሚገዛ ሰው ጉድለቱንም አብሮ ይገዛል።

የእንግሊዞቹ ታሪክ ለየት ያለ ነው። ግንቦት 25 ቀን 1982 «አትላንቲክ ኮንቬየር» የተባለችው መርከብ በፎክላንድ አቅራቢያ በአርጀንቲና ሚሳይል ስትመታ ሦስት ቺኑክ ሄሊኮፕተሮች አብረው ጠፉ። በአየር ይጓዝ የነበረው ጦር በእግሩ እንዲሄድ ግድ ሆነ፤ የባሕር ወለድ ወታደሮች 36 ኪሎ ግራም ገደማ እየተሸከሙ ረግረጋማውን ምድር አቋረጡ። ከጦርነቱ በኋላ የተነደፈው የእንግሊዝ በርገን ፍሬሙ በውስጡ የተሰፋ፣ የጎን ኪሶቹም በዚፕ የሚነቀሉና ለብቻቸው የሚታዘሉ ነው። የተሠራውም በሁለት ልክ፣ አጭር ጀርባና ረጅም ጀርባ ተብሎ ነው። አጭሩ የተሰናዳው ጥይትና ውሃ የተንጠለጠለበትን የወገብ ትጥቅ ሳይነካ ከበላዩ እንዲያርፍ ነው፤ በዚህ ምክንያት ክብደቱ በትከሻ ላይ ይቀራል። የወገብ ትጥቅ የሌለው ሲቪል አጭሩን ከገዛ ለሌለው ችግር የተሰጠ መፍትሔ ገዛ ማለት ነው። በሱቁ ውስጥ ግን ሁለቱ ጎን ለጎን በአንድ ዋጋ ተሰቅለው ይገኛሉ።

አሜሪካኖች በ1997 ያስተዋወቁት «ሞሊ» ደግሞ ፍሬሙን ከአሉሚኒየም ወደ ፕላስቲክ ለወጠው። በመጀመሪያው ንድፍ ፍሬሙ ከወገብ ቀበቶው ጋር የሚገናኘው በሉል መጋጠሚያ ነበር። በወረቀት ላይ ማራኪ የሆነው ይህ መጋጠሚያ ወታደሩን ጎዳው፤ ፍሬሙም ይሰበር ነበር። በኋላ መጋጠሚያው ቀርቶ ፍሬሙ እንዲጠነክር ተደረገ። በገበያ ላይ የቀድሞውና የተሻሻለው ተደባልቀው ስለሚሸጡ ገዢው ፍሬሙን አውጥቶ፣ አጎንብሶና በብርሃን አይቶ ስንጥቅ መኖር አለመኖሩን ሳይመረምር ገንዘቡን ባይሰጥ ይሻለዋል።

የባሕር ወለዱ ጦር በበኩሉ በ2000ዎቹ አጋማሽ የአርክቴሪክስ ኩባንያ የነደፈውን፣ ፍሬሙ በውስጡ የሆነና ለተራራ ወጪዎች ከሚሠሩት የማይለይ ቦርሳ ተቀብሎ ነበር። የወገብ ቀበቶው ወፍራም ነው፤ ማንገቻውም ከባለቤቱ ቁመት ጋር ይስተካከላል። ይሁንና ኢራቅና አፍጋኒስታን ውስጥ ወታደሩ ከባድ የጥይት መከላከያ ሰደርያ ይለብስ ስለነበር ቦርሳው ከጀርባው ጋር አልገጥም አለ። ከ2011 ገደማ ጀምሮም ጦሩ ወደ ውጭ ፍሬም ተመልሶ ይህን ቦርሳ ጣለው። ሰደርያ ለማይለብስ ሰው ግን የተጣለበት ምክንያት ከቁም ነገር የሚቆጠር አይደለም፤ በትርፍ ዕቃ ሱቆች ከቀረቡት ሁሉ ለከባድ ጭነት ሳይስማማ የማይቀረው ይኸው ከአገልግሎት የወጣው ቦርሳ ነው።

አሊስንም ቢሆን ባለቤቶቹ ጨርሰው አልተዉትም። የቦርሳውን ናይለን ከነማንጠልጠያው ያስቀሩና የአሉሚኒየሙን ፍሬም አውጥተው የተሻሻለውን የሞሊ የፕላስቲክ ፍሬም፣ ከማንገቻውና ከወፍራሙ የወገብ ቀበቶ ጋር፣ በላይኛው ኪሱ ውስጥ ይከቱበታል፤ ከታች በጥብጣብ ያስሩታል። በዚህ ዓይነት የ1973 ከረጢትና ከሩብ ምዕተ ዓመት በኋላ የመጣ ፍሬም፣ ሁለቱም ከአንድ የሰልባጅ መደርደሪያ ተነሥተው፣ ጦሩ ራሱ በአንድነት ያላደለውን ቦርሳ ይሠራሉ።